እትዬ ጢስ እና የስድስተኛው ኮረብታ ጉም

ከላይኛው ግድብ እስከ ወንዝ ዳሯ ከተማ ድረስ ዘጠኝ ኮረብቶች ነበሩ፤ በእያንዳንዱ አናት ላይም አንድ የእሳት ጠባቂ። የስድስተኛው ጠባቂ ሴት ነበረች። ሥራውን ከአባቷ ወርሳ ሃያ ሁለት ዓመት ጢስ ስታጨስ ኖራለች። ገበያ ስትወጣ ሽታዋ ቀድሟት ስለሚደርስ ሰው ሁሉ "እትዬ ጢስ" ይላታል። እሷም አትቀየምም፤ "ሽቶ ገዝቼ አላውቅም" ብላ ትስቃለች።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። አምስተኛው ኮረብታ ላይ አንድ ጢስ ከታየ ሰላም ነው፤ ሁለት ከሆነ ጠላት፤ ሦስት ከሆነ ጎርፍ። እሷም ያየችውን ያህል አጭሳ ለሰባተኛው ታሳልፋለች። ችግሩ ጉም ነው። ኮረብታዋ ከሁሉም ስለሚረዝም በክረምት አናቱ ይሸፈናል። ቤቷ ያለበት የኮረብታው ወገብ ግን ጥርት ብሎ ይውላል።

"የምልክቱ ምድጃ ወደ ታች ይውረድልኝ" ብላ የጠባቂዎቹን ተቆጣጣሪ ሦስት ጊዜ ለምናዋለች።

"ንጉሡ አናት ላይ ያሉትን አንቺ ወገብ ላይ ልታደርጊው?"

"ጌታዬ፣ ጉሙ የንጉሡን ትእዛዝ አልሰማማ!"

ሰውዬው ስቆ ሄደ።

አንድ ጧት ከደጇ ቆማ ስታይ አምስተኛው ኮረብታ ላይ ሦስት ጢስ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ግድቡ ተደርምሷል ማለት ነው። ቀና ብላ ወደ ራሷ አናት ብታይ ነጭ ጉም እንጂ ሌላ የለም። እዚያ ወጥታ ብታነድ ማንም አያያትም። አልወጣችም። የቤቷን በር ነቅላ መሬት ላይ ጣለችው።

ባሏ ብረት ቀጥቃጭ ነው። እሱም ሦስቱን ጢስ አይቶ ከብረት መቀጥቀጫው ምድጃ ፍም በአካፋ ዝቆ እየሮጠ ሲመጣ አልጋውን ስትጎትት አገኛት።

"አንቺ ሴትዮ፣ አልጋውንም?"

"አልጋ ይሠራል! ሰው ግን አይሠራም!"

በሩን፣ አልጋውንና የጣሪያውን ሳር ለየብቻ አነደዱና እርጥብ ቅጠል ጫኑባቸው። ጢሱ ወጣ። ወዲያው ግን ነፋስ ተነሥቶ ከሦስቱ ሁለቱን አቀላቀላቸው። እትዬ ጢስ ክው አለች። ሁለት ከታየ ጠላት ነው፤ ከተማው በሩን ዘግቶ ውስጥ ይቀመጣል፤ ጎርፉ እዚያው ያገኘዋል።

"ያዝ በጉጠት!" አለችው።

እየነደደ ያለውን አልጋ እሱ በጉጠት፣ እሷ በእርጥብ ጆንያ ይዘው ሃያ እርምጃ ጎተቱት። ቅንድቧ ተለበለበ። ጢሱ ግን ሦስት ሆኖ ቆመ።

ዓይናቸውን ሰባተኛው ኮረብታ ላይ ተከሉ። ቆየና አንድ ጢስ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት! እትዬ ጢስ ጉሮሮዋ እስኪነቃ እልል አለች። ባሏ አካፋውን ይዞ ይጨፍር ጀመር።

ቀትር ላይ ውሃው ከተማዋን ሲሞላ መንገዱ ባዶ ነበር። ሕዝቡ ከፍታ ላይ ወጥቶ ቆጠረ፤ አንድም ሰው አልጎደለም።

በሦስተኛው ቀን ተቆጣጣሪው መጣ። ጣሪያ የሌለውን ቤት አየና ባርኔጣውን አወለቀ። "እህቴ፣ አጥፍቻለሁ። ከእንግዲህ በየኮረብታው ምድጃው የት እንደሚሆን የምትነግሪን አንቺ ነሽ።" ከኋላው የከተማው አናጢዎች በር፣ አልጋና ወጋግራ ተሸክመው ይወጡ ነበር።

እትዬ ጢስ ኮረብቶቹን በእግሯ ዞረች። የሰባተኛው ጠባቂ ሃያ ሁለት ዓመት በጢስ ብቻ የሚያውቃትን ሴት ከላይ እስከ ታች አያት።

"ሁልጊዜ ወንድ ትመስይኝ ነበር" አላት።

"አንተም ረጅም ሰው ነበር የምትመስለኝ" አለችውና ተያይዘው ሳቁ። ከዚያ ጉሙ እስከ የት እንደሚወርድ ጠየቀችውና ድንጋይ አንሥታ የአዲሱን ምድጃ ቦታ ምልክት አደረገችበት።