ሰው የሚጠራበት ስም

መጀመሪያ ዓይኔ የገባው የእጃቸው ጀርባ ነው። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ጠዋት ወደ ማሽኑ ክፍል ሲገቡ መብራቱን እንኳ ሳያበሩ ጥግ ላይ ወደቆመው ትልቅ ሰርቨር ጠጋ ይሉና የቀኝ እጃቸውን ጀርባ ጎኑ ላይ ያሳርፋሉ፤ እናት ትኩሳት የያዘውን ልጅ ግንባር እንደምትዳስስ። ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ይቆያሉ። ከዚያ «ደህና አድሯል» ይላሉ፤ ለእኔ ይሁን ለማሽኑ አይታወቅም።

ጥር 2014 ነበር። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ፣ በድርቅ ለተመቱ ቀበሌዎች ውሃ በቦቴ በሚልክ አንድ የጅግጅጋ መሥሪያ ቤት ለሦስት ወር መረጃ እንድመዘግብ ተቀጥሬ ነበር። የማሽኑን ሙቀት የሚያሳይ ቁጥር ስክሪኑ ላይ አለ። ታዲያ እጅዎን ለምን ያሳርፋሉ ብዬ ጠየቅኋቸው። ቁጥሩ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ይነግረኛል፣ ከትናንቱ የተለየ ነገር መኖሩን ግን እጄ ነው የሚያውቀው አሉኝ። ያን ቀን ሌላ ሥራ የሠራሁ አይመስለኝም። እጄን እያየሁ ዋልሁ።

ክፍሉ ወደ ምሥራቅ የሚያይ አንድ ጠባብ መስኮት ነበረው። ውጭ ንፋሱ አቧራውን ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል፤ ባጃጆች ከአቧራው ውስጥ ብቅ ይሉና መልሰው ይጠፋሉ። ውስጥ የማሽኖቹ ማራገቢያዎች ያለማቋረጥ ያጉረመርማሉ። ዓይኔን ስጨፍን ሩቅ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይመስለኝ ነበር። ዝናቡ በቀረበት በዚያ ዓመት ከተማው ውስጥ ዝናብ የሚመስል ድምፅ የሰማሁት እዚያ ክፍል ብቻ ነው።

ወይዘሮ ጥሩአየሁ የተወለዱት እዚሁ ጅግጅጋ ነው። አባታቸው ከመንዝ መጥተው የጨርቅ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ነበሩ። እሳቸው በአሥራ አምስት ዓመታቸው የሶማሊያው ጦርነት ሲመጣ ካራማራን ተሻግረው ወጡ፤ ትምህርታቸውን አዲስ አበባ አክስታቸው ቤት ጨረሱ። ከዚያ ካርድ የምትበሳ ሴት ሆነው ተቀጠሩ። በአንድ አዳራሽ ሃያ ሴቶች ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ ወፍራም ወረቀት ይበሳሉ። የሰው ዕድሜ፣ የከብት ብዛት፣ የእህል ኩንታል፣ ሁሉም ቀዳዳ ይሆናል፤ ማሽኑ የሚያነበው ቀዳዳውን ነው። ወይዘሮ ጥሩአየሁ አንዳንዴ ካርዱን ወደ መስኮቱ አንሥተው በቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚገባውን ብርሃን ያዩ ነበር። «አንድ ወረዳ ሙሉ ሕዝብ እንዲህ ሲያበራ አይቻለሁ» አሉኝ አንድ ቀን፣ ሻያቸውን እያማሰሉ፣ ምንም እንዳልተናገሩ ሁሉ።

ከዚያ በኋላ ያላለፉበት ማሽን የለም። ካርዱ ቀርቶ ቴፕ መጣ፣ ቴፑ ቀርቶ ፍሎፒ፣ ፍሎፒው ቀርቶ ይህ በአቧራ መካከል የሚተነፍስ ሣጥን። አርባ አንድ ዓመት። የመሥሪያ ቤቱ ሶማሌ ሠራተኞች ኤዶ ይሏቸዋል፤ የአባት እህት ማለት ነው። ሰርቨሩ ሲቆም ከኃላፊው ከአቶ ዐቦኮር ጀምሮ ሁሉም ኮሪደሩ ላይ ቆመው ኤዶን ይጠብቃሉ።

በእነዚያ ሣጥኖች ውስጥ ካለው ሁሉ የሚሳሱለት አንድ ዝርዝር ነበር። ከጅግጅጋ ወደ ሐርተሼክና ወደ ሀርሺን የሚዘረጋው ሜዳ ወንዝ የለውም። ሰዉ የሚኖረው በቢርካ ነው፤ መሬት ተቆፍሮ ግድግዳው በሲሚንቶ የሚለሰን የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ። ዝናብ ሲቀር ቢርካው የሚሞላው በቦቴ ነው። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ስድስት መቶ አርባ ቢርካዎችን ከነባለቤቶቻቸው መዝግበው ይዘዋል። ከባለቤቱ ስም፣ ከአባቱና ከአያቱ ስም ቀጥሎ አራተኛ ዓምድ አለ፤ ናነይስ ይላል። ሶማሌዎች ለሰው የሚያወጡት ቅጽል ስም ነው።

በየካቲት አዲስ ሶፍትዌር ሊተክል ፋሩቅ የሚባል ወጣት ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጣ። ሲገባ ወይዘሮ ጥሩአየሁ በቀለም መቀቢያ ብሩሽ የኪቦርድ አቧራ እየጠረጉ ነበር።

«እማማ፣ የኮምፒውተር ባለሙያው የት ነው?» አላቸው።

«ተቀመጥ ልጄ፣ ይመጣል።»

ተቀመጠ። እሳቸው ጠርገው ጨረሱ፤ ብሩሹን አራግፈው አስቀመጡ፤ መነጽራቸውን አደረጉና ከፊቱ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«መጣ» አሉት። «ምን ነበር?»

እኔ ወደ መስኮቱ ዞርሁ፤ ሳቄ እንዳያመልጠኝ።

ፋሩቅ ክፉ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ሙሉ ይቅርታ ሲጠይቅ ዋለ፤ በነጋታው ሻያቸውን ራሱ ይዞ መጣ። ሥራውንም ያውቃል። ግን አራተኛውን ዓምድ ሲያይ ደነገጠ። ትርጉሙን አንዱን ሠራተኛ ጠይቆ ኖሯል። በስብሰባ ላይ ላፕቶፑን ወደ አቶ ዐቦኮር አዙሮ አነበበ፤ ረጅሙ፣ አጭሩ፣ ደንቆሮው፣ አፍንጫ ትልቁ፣ አንካሳው። ይህ በመንግሥት መዝገብ ላይ የተጻፈ ስድብ ነው፣ ነገ ሌላ ሰው ቢያየው ምን እንላለን አለ።

«ስድብ አይደለም» አሉ ወይዘሮ ጥሩአየሁ። «አድራሻ ነው።»

ፋሩቅ በትሕትና መለሰ፤ በአዲሱ ሥርዓት እያንዳንዱ ቢርካ የራሱ ቁጥር ይኖረዋል። ሾፌር መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ቁጥር አይጠይቅም አሉት። ሁላችንም አቶ ዐቦኮርን አየን። በትውልድ ቀበሌው ጋብ ተብሎ የሚጠራ ሰው ነው፤ አጭሩ ማለት ነው፣ ቁመቱን ያየ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ነገሩን ከማናችንም በላይ ያውቃል። ግን ክራቫቱን እንዳሰረ፣ ከአዲስ አበባ በመጣ እንግዳ ፊት፣ አፈረ መሰለኝ። ዓምዱ ይቅር አለ። ኤዶም በመጋቢት ስልሳ ይሞላዎታል፣ ይረፉ እንግዲህ አላቸው።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ጥሩአየሁ ዓምዱ ከየት እንደመጣ ነገሩኝ። በ1980 ክረምት ሐርተሼክ ላይ ስደተኛ ሲሰፍር ለምዝገባ ተላኩ። ኮምፒውተሩ ድንኳን ውስጥ ነበር፤ ጄኔሬተሩ ውጭ ያጓራል፤ ሰልፉ እስከ ሰማይ ጠርዝ ይደርሳል። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ይጽፋሉ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ለራሽን ቀርበው ወስደሃል ተባሉ። ማሽኑ ወስደዋል ይላል፤ ስሙ ከነአያቱ አንድ ነው። ሽማግሌው አልተቆጡም። ባዶ ጆንያቸውን አጥፈው ብብታቸው ሥር አድርገው ሄዱ። በማግስቱ በዚያው ስም የሚጠሩ ሰባት ሰዎች መኖራቸው ታወቀ። ከሰልፉ አንዲት አሮጊት ሳቁባቸው፤ ልጄ፣ አንቺ የምትጠይቂው የሞቱትን ስም ነው፣ ሰውየውን ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው ጠይቂ። አራተኛው ዓምድ የተጨመረው ያን ቀን ነው። ሽማግሌውን ግን ደግመው አላገኟቸውም።

«ያ ጆንያ ሲታጠፍ አሁንም አየዋለሁ» አሉኝ። ማራገቢያዎቹ ይዘንቡ ነበር።

በመጋቢት የመጀመሪያ ሳምንት ስልክ ተደወለ። ላዳን ነበረች፤ በሀርሺን በኩል ያለች፣ ስልክ እንዲሰማላት ጉብታ ላይ ወጥታ የምትደውል ሴት። ለአባቷ ቢርካ ውሃ ይመጣል ከተባለ አራተኛ ቀኑ ነው፤ አርባ አባወራ ይጠብቃል፤ ፍየሎቹ መቆም አቅቷቸዋል። ወይዘሮ ጥሩአየሁ አዲሱን መዝገብ ከፈቱ። ሙሐመድ ዩሱፍ ዐሊ፣ ውሃ ደርሶታል ይላል። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

የቦቴው ሾፌር ሱጉሌ ተጠራ። ሱጉሌ ለሃያ ዓመት ያንን ሜዳ ያካለለ፣ ምላሱ የሰላ ሰው ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ሰው ጠየቅሁ፣ ወደ አንድ ቢርካ መሩኝ አለ። «ሙሐመድ ዩሱፍ ዐሊ ነህ ወይ አልሁት፤ ነኝ አለ። ዋሸ እንዴ? አልዋሸም። ውሃ ይዤ መጥቼ እኔ አይደለሁም የሚል ሰው ካለ እስቲ አሳዩኝ።»

በዚያ ስም አራት ባለቢርካዎች ነበሩ። ውሃው የተገለበጠው ከሁለት ቀን በፊት በተሞላው በሙሐመድ ዴሬ፣ ረጅሙ በሚሉት ሰው፣ ቢርካ ነው።

በዚያው ጠዋት ቦቴው እንደገና ተሞላ። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ጋቢና ውስጥ ከሱጉሌ ጎን ገቡ። ፋሩቅ ማንም ሳይጠይቀው ላፕቶፑን ታቅፎ ከኋላ ባለው የመሥሪያ ቤቱ መኪና ተሳፈረ፤ እኔም አብሬው። ካራማራ ከኋላችን እየደበዘዘ ሄደ። ሜዳው የትም የማያልቅ ነው። ከፊታችን ሁልጊዜ አንድ ሐይቅ አለ፤ ስንቀርበው ይሸሻል። ግመሎች በእግር ሳይሆን በብርሃን ላይ የቆሙ ይመስላሉ። ፋሩቅ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ያያል።

ከሀርሺን መለስ ብሎ ሱጉሌ ቆመና ፋሩቅን ጠራው። አህያ ላይ ቢጫ ጀሪካን የጫነች ሴት መንገድ ላይ ነበረች።

«በል ጠይቃት፣ እኔ አስተረጉምልሃለሁ» አለው። «ቁጥሩንም ንገራት።»

ፋሩቅ የሙሐመድ ዩሱፍ ዐሊ ቢርካ የት ነው አለ። ሴትዮዋ የትኛው ብላ ጠየቀች። የአያቱ ስም ዐሊ የሆነው አለ፣ ድምፁ እያነሰ። በጣቷ ቆጠረችለት፤ ዴሬ? ጋብ? ሳንወይኔ? ላንገሬ? ፋሩቅ ወደ ጋቢናው ዞረ። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ከፊታቸው ያለውን መንገድ ነበር የሚያዩት።

«ላንገሬ» አሉ ቀስ ብለው። አንካሳው።

ሴትዮዋ ወዲያውኑ በአገጯ አቅጣጫውን አሳየች።

ቢርካው ውስጥ የቀረው የተሰነጣጠቀ ጭቃ ብቻ ነበር። ውሃው ሲወርድ ማንም አልጮኸም። ሴቶቹ ነጭ አረፋው ሲሽከረከር ጠርዙ ላይ ቆመው አዩ። ላዳን የወይዘሮ ጥሩአየሁን እጅ ይዛ አልለቀቀችም። አባቷ በዱላ ተደግፈው እያነከሱ መጡና ለሁላችን ሰላምታ ሰጡ።

ፋሩቅ ላዳንን አስተርጉሚልኝ አላትና አንገቱን ደፍቶ ጠየቃቸው፤ ላንገሬ ሲባሉ ቅር አይልዎትም?

ሽማግሌው ሳቁ። «እግሬ ያነክሳል፤ ምን ልዋሽ?» አሉ። «ሙሐመድ የነቢዩ ስም ነው፣ የሁላችንም ነው። ዩሱፍ የአባቴ ነው። ላንገሬ ግን የእኔ ነው።»

አንድ ሰው ጉድለቱን እንደ ቤት ቁልፍ አውጥቶ ሲያሳይ አይቼ አላውቅም ነበር።

ፋሩቅ በቦቴው ጥላ ሥር ተቀምጦ ላፕቶፑን ከፈተ። ዓምዱን መልሼ አስገባዋለሁ፣ ርዕሱ ምን ይሁን ሲል ወይዘሮ ጥሩአየሁን ጠየቃቸው። ብዙ አላሰቡም።

«ሰው የሚጠራበት ስም በለው።»

ግን መመለሱ ቀላል አልነበረም። የቢርካው ዝርዝር በተያዘበት ዐሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ አንዱ ስም በአማርኛ፣ ሌላው በላቲን ፊደል የገባ ነበር፤ ከባለቤቶቹም የሞቱም የተሰደዱም ነበሩ። አቶ ዐቦኮር ትእዛዙን ሲፈርም ወደ ፋሩቅ ሳያይ «እኔም ጋብ ነኝ እኮ» አለ፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ለወይዘሮ ጥሩአየሁ የቀራቸው ሁለት ሳምንት ነበር። ስሙን ያልሰማሁት ጉብታ የለም። እሳቸው ይደውላሉ፣ ይስቃሉ፣ ይጠይቃሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። የሚያሳስባቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከእሳቸው በኋላ ወረቀቱ ብቻውን መንገዱን ያውቅ እንደሆነ።

መጋቢት 22 ሐሙስ ነበር፤ ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ የመጨረሻ ቀናቸው። ሽኝቱ ከትናንት በስቲያ አልቋል፤ ሀልዋ ተበልቷል፣ ጨርቅ ተሸልመዋል፣ ሱጉሌ ንግግር ልናገር ብሎ አልቅሷል። ያን ጠዋት ሱጉሌ ከአዲሱ ማሽን የታተመውን ወረቀት ይዞ ወደ ሀርሺን ለብቻው ወጣ። ወይዘሮ ጥሩአየሁ አልደወሉለትም። ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ፋሩቅ በሩ ላይ ቆመ። ሰባት ሰዓት ሆነ፤ ስምንት ሆነ። አቧራው መስኮቱን ቢጫ፣ ከዚያም ሮዝ አደረገው።

ስልኩ ሲጮኽ ቶሎ አላነሡትም።

«ኤዶ፣ መጣ» አለች ላዳን፤ ድምፁ በክፍሉ ሁሉ ይሰማ ነበር። «እየወረደ ነው።»

«መንገድ ላይ ማንን ብሎ ጠየቀ?» አሏት።

«አባቴን ነዋ። ላንገሬን።»

እግዜር ይስጥሽ፣ አባትሽን ሰላም በይልኝ አሉና ስልኩን ዘጉ። ወረቀቱ ትክክል ነው አሉ ለፋሩቅ። ቁልፎቹን እጁ ላይ አኖሩ። ቦርሳቸውን ይዘው ሲወጡ እስከ በሩ ተከተልኋቸው። የጄኔሬተሩ ዘይት ሰኞ እንዲለወጥ አስታውሺያቸው አሉኝ፤ ጉንጬን ሳሙኝ።

አንድ ባጃጅ ቆመላቸው፤ በእጃቸው እለፍ አሉት። ነጠላቸውን አገጫቸው ሥር ጨብጠው አስፋልቱን ተሻገሩ። ንፋሱ ጫፉን ወደ ላይ አነሣው። ከጫት ሻጮቹ ጥላ አጠገብ አንዲት ሴት ኤዶ ብላ ስትጠራቸው ቆም ብለው ሰላም አሏት፤ ከዚያም ሳይቸኩሉ ወደ አቧራው ገቡ።