ከዘራውን ዝም ያሰኘው ብየዳ

ጊታር ስጫወት የጎረቤቴ ከዘራ ግድግዳውን ይደበድብ ነበር። «አንተ ልጅ! በአላህ ይሁንብህ፣ ዝቅ አድርገው!» ይሉኛል ሽማግሌው ከወዲያ። ደሴ ከመጣሁ ጀምሮ ቤቴ ገብቼ የምሰማው የሰው ድምፅ የእሳቸው ብቻ ነበር። እኔ ግን ያናድደኝ ነበር።

ጥፋቱ የጊታሬ ድምፅ ማጉያ፣ የአምፕሊፋየሬ ነው። ኮምቦልቻ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን አዲስ ስትገዛ የሰጠችኝ አሮጌ ባለ ቲዩብ ነው። እነዚያ የመስታወት ቲዩቦቹ ካልጋሉና ቮልዩሙ በደንብ ካልተከፈተ ያ የሚያምረው ድምፁ አይወጣም። ስለዚህ አንድ ሳምንት ሙሉ ፈታትቼው፣ ወደ ስፒከሩ በሚሄደው ሽቦ ላይ ወፋፍራም ሬዚስተሮች በየድኩበት። ቮልዩሙ እንደተከፈተ፣ ትርፉን ድምፅ እነሱ ወደ ሙቀት እየለወጡ ያስቀሩታል።

ሠራ! ከዘራው ዝም አለ። በዚያ በደሴ ብርድ እጄን በሬዚስተሮቹ ሙቀት እያሞቅኩ በራሴ እኮራ ነበር።

አንድ ቀን አከራያችን የሽማግሌውን ክፍል ለአዲስ ተከራይ ልታሳይ መጣች።

«እሳቸውስ?» አልኳት።

«ልጃቸው ቦሩ ሜዳ እቤቷ ከወሰደቻቸው ቆየ እኮ! አልሰማህም እንዴ? ያን ሰሞን አንተም ጊታርህን ትተህ ስትበይድ ነበር።»

እሷ ስትሄድ ሬዚስተሮቹን ነቃቅዬ ጣልኳቸው። ቮልዩሙን እስከ ጥግ ከፈትኩት፤ ክሮቹን አንዴ በኃይል መታሁና እጄን ከክሮቹ አንስቼ ከግድግዳው ወዲያ የከዘራውን ድምፅ ጠበቅሁ።