ከሳህኖቹ ሥር የተገኙት ኮፒዎች

አክስቴ ታይፒስት ነበረች፤ ያውም ጣቷ እንደ ምላሷ የሚፈጥን። ጠዋት ሥራ ከመጀመሯ በፊት ጣቷን ለማፍታታት ቀኑን ትመታና ከሥሩ የባሏን፣ የጋሼን፣ ጉድ ትዘረግፋለች። «ዛሬም ካልሲዬ ጠፋ ብሎ ቤቱን አመሰው። ካልሲው እግሩ ላይ ነው።» ይህንን እንኳ ያለ ካርቦን አትመታም። ኮፒ የሌለው ወረቀት እንዳልተጻፈ ይቆጠራል የሚል አለቃ ነበራቸውና ልማድ ሆኖባት ቀረ።

ዋናውን ትጥለዋለች። ኮፒውን ግን መጣል ስለማያስችላት ቤት ወስዳ፣ ጽሑፉን ወደ ታች ገልብጣ፣ የሳህን መደርደሪያው ላይ ታነጥፈዋለች። የጣለችውን ደግሞ አጠገቧ የሚሠራው መዝገብ ያዥ ለቅሞ ጀርባው ላይ ልብ ወለድ ይጽፍበታል። ወረቀት መግዛት ሞቱ ነበር። እያንዳንዱን ምዕራፍ ግን ምሳ ሰዓት ላይ መጀመሪያ የሚያነበው ለእሷ ነው።

ሰውየው ከሞተ በኋላ መጽሐፉ ስሙን አስጠራው። ረቂቁ ግን ማን እንዳወጣው ሳይታወቅ ባሕር ማዶ ካለ ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ሳጥን ውስጥ ተገኘ። እኔ የምሠራበት መዝገብ ቤት መልሱልን ብሎ ሲጽፍላቸው የገጾቹን ፎቶ ከፊትም ከጀርባም ላኩና፣ «ከአገራችሁ ቢሮ ለመውጣቱ ማስረጃ አምጡ፤ አለዚያ እዚሁ ይቀራል» አሉ። ጀርባ ጀርባውን ሳነብ ከወንበሬ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። በየገጹ የጋሼ ጉድ ነው። እየሮጥኩ አክስቴ ቤት ሄጄ ነገሩን ነገርኳት።

«እትዬ፣ ኮፒዎቹ አሉ?»

ጋሼ ወዳለበት ሳሎን አየት አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አሉ። ግን አንቺ ልጅ፣ በስተርጅና ትዳሬን ልታፈርሺ ነው? ሠላሳ ዓመት የቦጨቅኩትን ሊያነብልኝ?»

«ሳጥኑ እዚያው ይቀራላ።»

«ምሳዬን ሳያስበላ ያነበበልኝ ሁሉ?» አለች። ሳህኖቹን ማውረድ ጀመረች።

ወረቀቶቹ ዘይት ጠጥተዋል። ቢሆንም ቀኑ ከቀን፣ ካልሲው ከካልሲ ገጠመ። ወለሉ ላይ ተዘርፍጠን ሆዳችንን ይዘን ስንስቅ ጋሼ ብቅ አለ። አክስቴ አንዱን ወረቀት ቀሚሷ ሥር ወሸቀች።

«የካልሲዋ ናት?» አላት።

አክስቴ ወረቀቷን ከቀሚሷ ሥር መዝዛ አወጣች።

«ታዲያ ሠላሳ ዓመት ሳህን እኔ ልደርድር እያልኩ የምሟገትሽ ሥራ ወድጄ መሰለሽ?»

ሳጥኑ በወሩ ገባ። በማግስቱ ጋሼ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ንባብ ክፍላችን መጣና፣ «መደርደሪያው ላይ ያላገኘኋት ካለች አሳዪኝ» አለኝ። ኮፒዋ ያልተገኘ አንድ ገጽ ነበረች። አወጣሁለት።

«ዛሬ መንገድ ሄዷል። የምሰድበው አጣሁ። ቤቱ ጭር ብሎብኛል፤ ቶሎ በመጣልኝ።»

ደጋግሞ አነበባት። መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ጠራረገና ገጿን መለሰልኝ።

«ኮፒ አድርጊልኝ» አለ። «ሁለት አድርጊው። አንዱን ሳህኑ ሥር አነጥፍላታለሁ።»