አይቼ ዝም ያልኩት ሻጋታ

ሚስቴ በእግር መሄድ የጀመረችው ሐኪም ስላዘዛት ነው። ስኳሯ ከፍ ማለት ጀምሮ ነበርና ወደ መድኃኒት ከመግባቷ በፊት እንቅስቃሴ እንድትሞክር ነገራት። አስተማሪ ናት፤ ነገር ከያዘች አትለቅም። በመጀመሪያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታክሲውን ትታ ከአስራ ስምንት ማዞሪያ እስከ ቤታችን በእግሯ ትመጣ ጀመር። ከዚያ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ እሑድ እሑድ ተራራ ከሚወጣ ቡድን ጋር አገናኘቻት። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ናቸው። ጠዋት አየር ጤና ይሰባሰቡና ሚኒባስ ተከራይተው ወደ ወጨጫ ወይም ወደ መናገሻ ይወጣሉ።

እኔ መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ መኪና ሥር ተኝቼ የምውል መካኒክ ነኝ፤ እሑድ ጠዋት ልጆቻችን ሳይነሱ ቤቱ ፀጥ ሲልልኝ አልጠላም። ነገሩ የተበላሸው እሷ ስለ ቡድኑ መሪ ማውራት ስትጀምር ነው። መሪያችን ዳገት ላይ አጭር አጭር ርምጃ ነው የሚሻለው አለ። መሪያችን ወፍ በድምፁ ያውቃል። መሪያችን ትናንት የአንዲት የደከማት ሴትዮ ቦርሳ ተሸክሞ ወጣ። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ረጅም፣ ስፖርት ያስተምር የነበረ ልጅ ነው። እሷ በተናገረች ቁጥር እኔ ሳላውቀው ሆዴን ወደ ውስጥ እስባለሁ።

ሦስት ወር አንድም እሑድ ሳትቀር በመሄዷ ቡድኑ ቦርሳ ሸለማት። ጀርባ ላይ የሚታዘል ነው፤ ውስጡ ሁለት ሊትር ውሃ የሚይዝ የፕላስቲክ ከረጢት አለው። ከከረጢቱ በትከሻ በኩል ወደ ፊት የሚመጣ ቀጭን ቱቦ ወጥቶለታል፤ ጫፉ ላይ ያለችውን ላስቲክ በጥርስ ነከስ ሲያደርጓት ውሃ ትለቃለች። ሽልማቱን ስትቀበል የተነሳችውን ፎቶ አሳየችኝ። መሪው ፊቷ ቆሞ ደረቷ ላይ ያለውን ማሰሪያ ያስተካክልላታል፤ እሷ ትስቃለች። ጥሩ ፎቶ ነው አልኳትና ስልኩን መለስኩላት። ወጥ ቤት ስትገባ መልሼ አነሳሁትና በሁለት ጣቴ አሰፋሁት። እጁን አየሁ፤ ፊቷን አየሁ። እንደዚያ የሳቀችልኝ መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ቦርሳ የሰው ቦርሳ ሆነብኝ። መኝታ ቤት በር ጀርባ ትሰቅለዋለች፤ ስገባ ስወጣ አየዋለሁ። ለጣዕም ብላ ውሃው ላይ ብርቱካን ትጨምቅበታለች። ከተራራ ስትመለስ ደክሟት ስለሚሆን የተረፈውን ሳትደፋ እንዳለ ትሰቅለዋለች። እስከሚቀጥለው እሑድ ማንም አይነካውም።

አንድ ማክሰኞ ቻርጀር ስፈልግ ቱቦው እጄ ገባ። ወደ መስኮቱ አዙሬ ብርሃን ላይ አየሁት። ውስጡ በጥቋቁር ነጠብጣብ ተሞልቷል፤ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። የምትነከሰዋን ላስቲክ በጣቴ ስጫናት ታዳልጣለች፤ ሳሸታት እርጥብ ምድር ቤት ትሸታለች። የእኔ ሥራ ቱቦ ነው። የነዳጅ ቱቦ፣ የራዲያተር ቱቦ፣ የፍሬን ቱቦ ስፈታና ሳጸዳ ነው የምውለው። ፈሳሽ ቱቦ ውስጥ ሲከርም ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ የሚያውቅ በሰፈሩ የለም።

መልሼ ሰቀልኩት።

ምን አስቤ እንደሆነ በደንብ አስታውሳለሁ። ይበስብስ አልኩ። ይሽተትና ራሷ ትጣለው፤ መሪውም አብሮት ከቤቴ ይውጣልኝ። እሷ ከዚያው እንደምትጠጣ አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። አስቤ ነበር፤ ግን ትንሽ ነገር ነው ብዬ አለፍኩት።

ሁለተኛው እሑድ ላይ ከተራራ ስትመለስ ውሃው አፈር አፈር እንደሚል ነገረችኝ። ሰሞኑን የቧንቧው ውሃ ደፍርሷል፣ ከዚያ ይሆናል አልኳት። ቧንቧው ደህና ነበር። ዝም ከማለቴ ይልቅ ዛሬም የሚያሳፍረኝ ይህቺ ውሸት ናት።

በሦስተኛው እሑድ፣ ረፋድ ላይ፣ ከስልኳ ተደወለልኝ። ሳነሳው የወንድ ድምፅ ነው። «ጋሼ፣ አይደንግጡ» አለኝ። እሱ ነበር። ሆዷን አሟት እንዳስመለሳት፣ አሁን ግን እንደተሻላትና ወደ ቤት እያመጣት እንደሆነ ነገረኝ። ጋሼ ማለቱ እንኳን አናደደኝ፤ ሽማግሌ ያደረገኝ መሰለኝ። ልብሴን ለባብሼ በሩ ላይ ቆምኩ። ከመኪናው ሲወርዱ ክንዷን በክንዱ ደግፏታል፤ ቦርሳዋን እሱ በደረቱ አንግቶታል። ፊቷ አመድ መስሏል። ተቀበልኳትና አስገብቼ ሶፋው ላይ አሳረፍኳት። እንዲህ ተደጋግፈው እንዲመጡ ያደረግኳቸው እኔው መሆኔ እዚያው ቆሜ ገባኝ።

እሱ አልተቀመጠም። ቱቦውን ነቅሎ አሳየኝና ያመማት ይሄ ሳይሆን እንደማይቀር፣ ሲሰጧት አጣጠቡን መንገር የነበረበት እሱ እንደሆነ ተናገረ። ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔን! ከዚያ በሶዳና በሙቅ ውሃ እንዴት እንደሚታጠብ ሊያስረዳኝ ጀመረ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

ከቃሉ ይልቅ አነጋገሬ አጋለጠኝ መሰለኝ፤ ሚስቴ ከሶፋው ላይ ቀና ብላ አየችኝ። እሱ ደህና ሁኑ ብሎ ሲወጣ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

መዋሸት እችል ነበር። ግን ፊቷን ሳየው አልቻልኩም። ሻጋታውን አይቼው እንደነበር ነገርኳት።

«መቼ?»

«ሦስት ሳምንት ይሆነዋል።»

ለምን እንዳልነገርኳት ስትጠይቀኝ ስለ ፎቶው፣ ስለ መሪው፣ ስለ ሳቋ እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«መቅናትህ አይደለም የሚገርመኝ» አለች። «ቦርሳውን ይዤ ስወጣ በሩ ላይ ቆመህ በሰላም ግቢ ስትለኝ ነበር።»

ሌላ ነገር ሳትናገር ወደ መኝታ ቤት ገባች። ሁለት ቀን ከልጆቹ ጋር ብቻ ተነጋገረች። ለእኔ ምግቤን ታቀርባለች፣ ከዚያ ትነሳለች።

ሰኞ ከሥራ በጊዜ ወጣሁና ግቢው ውስጥ ሳፋ አውጥቼ ቦርሳውን ፈታሁት። ቱቦውን ከከረጢቱ ነቀልኩ፣ ላስቲኳን ከቱቦው ነቀልኩ። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሶዳ በጥብጬ ሁሉንም ዘፈዘፍኩ። ፈልቶ የወረደ ውሃ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል፤ ለዚህ ነው ለብ ያደረግኩት። ነጠብጣቡ ግን በመዘፍዘፍ ብቻ አልለቅ አለ። ከጋራዥ ያመጣሁትን አዲስ ቀጭን የፍሬን ካቦ ጫፉ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አሰርኩበትና በቱቦው ውስጥ አስገብቼ ሳብኩት። የመጀመሪያው ጨርቅ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ያን ስትጠጣ ነበር። ጨርቅ እየቀየርኩ ነጭ እስኪወጣ ድረስ ሳብኩ። ላስቲኳን ገልብጬ በጥርስ ብሩሽ ፈተግኳት። በመጨረሻ አንድ ሁለት ጠብታ በረኪና ያለበት ውሃ ውስጥ አቆይቼ ሽታው እስኪጠፋ ደጋግሜ አለቀለቅኩ።

የቀረው ማድረቅ ነበር፤ እርጥብ ከቀረ በሳምንቱ ይመለሳል። ጋራዥ ወስጄ በኮምፕሬሰር ላስነፋው ብዬ ነበር፤ ግን የእኛ ኮምፕሬሰር ከአየሩ ጋር ዘይት ይተፋል፣ አፍ ለሚገባ ነገር አይሆንም። ስለዚህ ግቢው መሃል ቆሜ ቱቦውን አንድ ጫፉን ይዤ ከራሴ በላይ አሽከረከርኩት። ውስጡ የቀረው ውሃ በየአቅጣጫው ተረጨ። ጎረቤታችን ልብስ ከምታሰጣበት ገመድ ሥር ቆማ ታየኛለች። ሚስቴም በመስኮት ታየኝ ነበር። ቱቦውን ሁለቱም ጫፎቹ ወደ ታች እንዲሆኑ አድርጌ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት፤ ከረጢቱን አፉን ከፍቼ፣ እንዳይጣበቅ ውስጡ ማንኪያ አቁሜ፣ ጥላ ውስጥ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ ስትመለስ ቱቦውን አነሳችና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«ሽታው ለቋል» አለች። ለእኔ ነው የተናገረችው።

ከዚያ ወዲህ ብርቱካኑ ቀረ፤ ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው የምትሞላው። እቤት እንደገባች ጫማዋን ሳታወልቅ ትደፋውና ታለቀልቀዋለች። ለማድረቅ ጊዜ ባጣች ቀን ቱቦውን ጠቅልላ ፍሪዘር ውስጥ፣ ከሥጋው ጎን ታስቀምጠዋለች፤ ብርድ ላይ ሻጋታ አያድግም። ይህን ያስተማራት መሪው ነው። ጥሩ ዘዴ ነው።

በሚቀጥለው ወር አብሬያት ወጨጫ ወጣሁ። ግማሽ ላይ ትንፋሼ ተቆረጠ። ሚስቴ መካኒክ መሆኔን፣ ቱቦዋንም እንዴት እንዳጠብኩ ለሰዎቹ አውርታ ስለነበር ለምሳ ስናርፍ ሁለት ሴቶችና አንድ ጡረተኛ የራሳቸውን አምጥተው አሳዩኝ። የሁለቱ ውስጥ ሻጋታ ነበር፤ ላጥብላቸው ቤት እንዲያመጡልኝ ነገርኳቸው። በመጨረሻ መሪው የእሱን ነቅሎ ሰጠኝ።

«ለማንኛውም እርስዎ ይዩልኝ» አለኝ።

ወደ ፀሐይ አነሳሁት። ከሚገባው በላይ ረጅም ጊዜ አየሁት፤ አንዲት ጥቁር ነጥብ ባገኝ ደስታዬን አልችለውም ነበር። ምንም የለም። እንደ ብርጭቆ የጠራ ነው። ንጹሕ ነው ብዬ መለስኩለት፤ አመሰገነኝ።

ስንወርድ ሚስቴ ከፊት ከእሱ ጋር እያወራች ሄደች፤ እኔ ከጡረተኛው ጋር ከኋላ። በሚኒባሱ ውስጥ አጠገቧ ስቀመጥ፣ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ብዬ፣ አሁንም እንደምቀና ነገርኳት።

«አይቼሃለሁ» አለችኝ። «ቱቦውን ስታይለት።»

ቀና ብዬ ሳያት ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን እየታገለች ነው። አየር ጤና እስክንደርስ መስኮቱን ስታይ ቆየች፤ ትከሻዋ ግን አንዳንዴ ይንቀጠቀጥ ነበር።