ያልተቆጠረው ጨው

ደባርቅ ዘጠነኛ ክፍል ስማር ኬሚስትሪ አልገባ አለኝ። እኔ ደግሞ አልገባኝም ማለት ሞቴ ነው። መምህሩ "ገባችሁ?" ሲሉ ከሁሉ ቀድማ "አዎ!" የምትለው እኔ ነበርኩ።

ሞል እንደ ደርዘን ያለ መቁጠሪያ ነው ብለውናል፤ ብቻ ደርዘኑ መጠን የለሽ ትልቅ ነው። በአንድ ሞል ሶዲየም ሰልፌት ውስጥ ስንት ሞል አቶም አለ? ከፊደሎቹ ግርጌ ያሉትን ቁጥሮች መደመር ነው። ሶዲየም ሥር ሁለት አለ፣ ኦክስጅን ሥር አራት፣ ድኝ ሥር ምንም። ስድስት ብዬ ጻፍኩ። ሰባት ነው ተባልኩ። ሰባተኛው ከየት መጣ? ደጋግሜ ብቆጥር ያው ስድስት ነው። ግራ ሲገባኝ እናደዳለሁ፤ መምህሩ ራሳቸው ቁጥር አያውቁም ብዬ ደመደምኩ።

ዳባት ያለው አባቴ ግን ቁርጡን ነግሮኛል፤ ከወደቅሁ መስከረም ላይ ትምህርት የለም። ታላቅ እህቴን ከአምስተኛ ክፍል አስወጥቶ ድሯት ስለነበር ቃሉን አልተጠራጠርኩም።

የሰኔው ፈተና በአንድ ሞል የገበታ ጨው ውስጥ ስንት ሞል አዮን እንዳለ ጠየቀ። ሶዲየም ሥር ቁጥር የለም፣ ክሎሪን ሥርም የለም። ዜሮ ብዬ ጻፍኩና ወደቅሁ።

መምህሩ ቢሯቸው ጠሩኝ።

"ጨው ዜሮ? ወጥሽን በምን ልታጣፍጪው ነው?" ብለው ሳቁብኝ። ቀጥለው ወረቀቴን እያገላበጡ፣ "ቁጥር ያልተጻፈበት አንድ ነው፤ አንቺ ግን ሁሉንም ዘለሽዋል። ለምን?" አሉኝ።

"አይቆጠርማ! በረከት ነዋ!"

ገና ከአፌ ሲወጣ ነው እኔም የሰማሁት። አውድማችን ላይ እህል ሲሰፈር ቆጣሪዋ እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ቁና አባቴ "በረከት" ብሎ ይገለብጠዋል፤ አይቆጠርም። "አንድ" የምለው ከሁለተኛው ጀምሬ ነው። ለካ ቁጥር የሌለውን ፊደል ሁሉ ሳይታወቀኝ እንደዚያ ቁና ሳሳልፈው ኖሬያለሁ።

ይህን እያስረዳሁ አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። ከተከራየሁበት ቤት የምተኛበትን ቆዳ ጠቅልሎ፣ ተሸክሞ፣ ሊወስደኝ መጥቷል። ምን ያህሉን እንደሰማ አላውቅም። ኮፍያውን አወለቀ።

"ጌታዬ፣ እንዲህ አርጌ ያስተማርኋት እኔ ነኝ። በኔ ጦስ ነው የወደቀች። ያርሙልኝ እባክዎ።"

"ውጤቱ ተመዝግቧል አባቴ። ያላት መንገድ ክፍሉን መድገም ብቻ ነው።"

አባቴ ጥቅሉን ከትከሻው አውርዶ አስታቀፈኝ።

"ኪራይ ቤትሽ መልሽው። መስከረም ስትመጭ ምን ላይ ልትተኝ ነው?"

ማለፌ ይሁን መውደቄ አልለይ አለኝ። ቆዳውን ታቅፌ እዚያው መምህሩ ፊት ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።