በአባቴ ቁጥር የተላከው ኮድ

በቾ ቦሬ በሚባል የጅማ ሰፈር ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ ከዋይፋዩ ሳጥን በላይ፣ በእጄ የጻፍኩት ወረቀት ተለጥፏል፦ «ስልክ ላይ የሚላክ ኮድ ለማንም አይሰጥም።» ጅማ ውስጥ አንድ ኮሌጅ ኮምፒውተር ስለማስተምር ሰፈሩ የኔትወርክ ሐኪም አድርጎኛል። ስልኩ ያስቸገረው ሁሉ ወደ እኛ ቤት ይመጣል፤ እኔም ስልኩን ከመንካቴ በፊት ወረቀቱን አስነብበዋለሁ። «አልቅሰው ይለምኗችኋል፣ ዘመድ ነን ይሏችኋል፣ እንዳትሰጡ» እላለሁ። ማስፈራራት ሳልወድ አልቀርም።

እናቴ ከዚህ ሁሉ ቴክኖሎጂ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ የአባቴ ድምፅ። አባቴ ደዶ ወረዳ ውስጥ የግብርና ባለሙያ ነበር፤ ቤት የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ነው። የሚሠራበት ቀበሌ ኔትወርኩ ስልክ አያስደውልም። ስለዚህ የዋለበትን ነገር በድምፅ ይቀዳና፣ ኔትወርክ የሚይዝበት ኮረብታ ላይ ሲወጣ ሁሉንም አንድ ላይ በመልእክት መተግበሪያ ይልክላታል። እናቴ ማንበብ ብዙም አይሆንላትም። «ዝናቡ መንገዱን በላው፣ በእግሬ ነው የመጣሁት።» «ድንቹ ደርሷል፣ ይዤ እመጣለሁ፣ እንዳትገዢ።» «ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ?» አንዱ መልእክት ላይ አባቴ ያስነጥሰዋል፤ እናቴ በሰማችው ቁጥር «ይማርህ» ትላለች።

ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። እሱ ይዞት የነበረው ስልክ በለቅሶው ግርግር ጠፋ፤ የቀረው እናቴ ስልክ ላይ ያለው ነው። ከምሳ በኋላ መስኮቱ ሥር ትቀመጥና አንድ መልእክት ትሰማለች። በቀን ከአንድ በላይ አትሰማም። ሲያልቁባት ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ማኅበራዊ ሚዲያ በተዘጋ ቁጥር የሰፈሩ ሰው ቪፒኤን እያወረደ ይገላገላል፤ እናቴ ግን ማብራትና ማጥፋቱ አልገባ አላት። የተዘጋ ቀን ክፍል ውስጥ እያለሁ ትደውልና «አባትህ እምቢ አለኝ» ትለኛለች። አንድ ቅዳሜ ወኔዬ ተነሣ። ሲም የሚወስድ ራውተር ገዛሁ፣ የኔትወርክ ታወሩ በሚታይበት መስኮት ላይ ሰቀልኩት፣ መብራት ሲሄድ አብሮ እንዳይጠፋ ባትሪ አሰርኩለት። ከዚያ ቪፒኤኑን ራውተሩ ላይ ጫንኩት። ከእንግዲህ የቤቱ ስልክ ሁሉ ማንም ሳይነካካው በሌላ አገር በኩል ይወጣል። መዘጋት ቀረ፣ የእናቴንም ነገር አጮልቆ የሚያይ አይኖርም አልኩ። አገር ምረጥ ሲለኝ ፈጣን ነው ስለተባለ ሆላንድን መረጥኩ። «ከዛሬ ጀምሮ ስልክሽ ሆላንድ ነው የሚኖረው» ብዬ ቀለድኩባት። ሳቀች።

መተግበሪያው ግን ቀልድ አያውቅም። ዓመታት ሙሉ ከጅማ ንቅንቅ ያላለ አካውንት ድንገት ሆላንድ ሲገኝ ሌባ የገባበት መሰለው፤ ዘግቶ አስወጣት። «ማንነትዎን ያረጋግጡ፣ በስልክ ቁጥርዎ ኮድ ልከናል፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ ካላረጋገጡ አካውንቱ ይሰረዛል» ይላል። የቁጥሩን የመጨረሻ ሁለት አሃዝ ብቻ ያሳያል። ሳነብላት እናቴ ወዲያው ለየችው።

«የአባትህ ነው» አለች።

አካውንቱን የከፈተላት እሱ ነበር። ሁለት ሲም ነበረው፤ በአንዱ ለራሱ፣ በሌላው ለእሷ ከፈተ። የራሱ ከስልኩ ጋር ጠፋ፤ የእሷ የተከፈተበት ሲም ከቀብሩ በኋላ መሳቢያ ውስጥ ቀረ፣ ካርድ የሞላበት የለም፣ ቁጥሩ ተዘግቶ ለሌላ ሰው ተሸጠ። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ሌላውን ሰው «ቁጥራችሁን አስተካክሉ» እያልኩ የቤቴን ረሳሁት።

ቪፒኤኑን አጠፋሁ፣ ራውተሩን ነቀልኩ፣ በሞባይል ዳታ ሞከርኩ። አንዴ ተጠራጥሯልና አልመለስ አለ። መታወቂያ መላክም ይቻላል ይላል። የአካውንቱን ስም ግን አባቴ ለጨዋታ «የቤቴ ሚኒስትር» ብሎ ነው የሞላው፤ ፎቶው ላይ ያለችው ደግሞ እመቤታችን ናት። የማንን መታወቂያ ልላክ? የስልክ ድርጅቱ ቢሮ ሄጄ ተሰለፍኩ። የተቀበለችኝ ልጅ ትሑት ነበረች፤ «ቁጥሩ አሁን ባለቤት አለው፣ ወንድሜ» ከማለት በቀር የምታደርግልኝ ነገር አልነበራትም።

የቀረን መደወል ነው። በእናቴ ስልክ ደወልኩ። ቁጥሩ ከአባቴ ፎቶ ጋር ስለተመዘገበ ስክሪኑን የሞላው እሱ ነው፣ የዝናብ ኮቱን ለብሶ እየሳቀ። እናቴ አጠገቤ ሆና ታያለች።

«ሄሎ፣ ኤኙ?» አለ አንድ የጎልማሳ ድምፅ፣ ማን ልበል ማለቱ ነው።

በኦሮምኛ ሰላምታ ጀምሬ ወደ አማርኛ ዞርኩ፤ እሱም ተከተለኝ። አጋሮ አካባቢ ቡና የሚነግድ ሰው ነው። ሁሉንም ነገርኩት፣ ቁጥሩ የአባቴ እንደነበር፣ አባቴ እንደሞተ፣ ድምፁ እንደተቆለፈብን። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

«አላህ ጽናቱን ይስጣችሁ፣ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ» አለ። «መልእክቱ መጥቶልኛል፣ አይቼዋለሁ። ግን ለማንም እንዳትሰጥ ይላል እኮ።»

«ማሎ፣ እባክህ፣ ስድስት ቁጥር ናት። አንተን የሚነካ ነገር የለውም።»

«እሱንም ይሉታል። የወንድሜን ልጅ እንዲሁ አልቅሰው ነው የዘረፏት። ወላሂ ሌባ ነህ አላልኩህም፣ ብቻ አላውቅህም። ታላቄን ላማክርና እደውላለሁ።»

እንደገና ልለምነው አፌን ስከፍት ዐይኔ ወረቀቱ ላይ ዐረፈ። ተማሪዬ ቢሆን ሙሉ ማርክ እሰጠው ነበር። ተናደድኩ፣ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደች።

«ልክ ነህ ልጄ፣ አትስጥ» አለችው። «ብቻ ይህን ስልክ ቁጥር እንዳትጥለው አደራ።» ዘጋችው።

«ምን ነካሽ እማዬ?» ብዬ ጮኽኩባት። ያን ቀን መጮኼ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

«አንተ አይደለህ እንዴ አትስጡ የምትለን?» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን መቁጠር ነበር። ሰውዬውን ደጋግሜ ሞከርኩት፤ አይገኝም። የቡና ለቀማ ወቅት ነው፣ ኔትወርክ የማይደርስበት ገብቶ ይሆናል። ለመተግበሪያው ባለቤቶች በእንግሊዝኛ ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩ፤ የመለሰልኝ ማሽን ነው፣ ኮዱን አስገባ አለኝ። በሠላሳኛው ቀን አካውንቱ ተሰረዘ። እናቴ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ በወደድኩ። ምሳ ስትጨርስ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች፣ ስልኳን ታነሣለች፣ ጥቂት ይዛው ትቆይና መልሳ ታስቀምጠዋለች። እኔ ደግሞ እንዳላየሁ ሆኜ ራውተሩን እነካካለሁ።

አካውንቱ በተሰረዘ በአራተኛው ቀን፣ ምሳ እንደበላን፣ የእናቴ ስልክ ጠራ። አባቴ በዝናብ ኮቱ ስክሪኑን ሞላው። ሰውዬው ታላቁን አማክሮ፣ ልቡ ራርቶ፣ ከእንግዲህ የማይጠቅመንን ኮድ ሊነግረን እንደሆነ ገባኝ። ላነሣ እጄን ስዘረጋ እናቴ ያዘችኝ።

«ቆይ» አለች። «ይጥራ።»

እሷ ዐይኗን ከፎቶው ሳትነቅል ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ስክሪኑ ሲጨልም በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችውና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«መልሶ ከደወለ ቶሎ እንዳታነሣው» አለችኝ።