ተቀመጪ ላሉኝ ሁሉ

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንዲት ሐበሻ መንገድ ዳር ስትሮጥ ከታየች ወይ ባስ አምልጧታል ወይ ቤቷ ተቃጥሏል፤ ሦስተኛ ምክንያት የለም። ይህን የተማርኩት ሶምሶማ በጀመርኩ ሰሞን ነው። አንድ ቀን ዱብ ዱብ እያልኩ ስሄድ አንድ ታክሲ ከኋላዬ ቀስ ብሎ መጣና መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ሾፌሩ ያገሬ ልጅ ነው። "እህቴ፣ ምነው በሰላም ነው? ግቢ፣ ላድርስሽ" አለኝ። ስፖርት እየሠራሁ ነው አልኩት። ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ፀጉሬ አየኝና "በዚህ ብርድ?" ብሎ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ከእሱ በኋላ ስንት መኪና እንደቆመልኝ አልቆጠርኩትም። ደግነታቸው እውነት ነው፤ ግን አንድም ሰው "በርቺ" ብሎኝ አላለፈም።

ሩጫ ውስጥ የገባሁት ወድጄ አይደለም። ጊዜው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥር አካባቢ ነው፤ ሃምሳን ልደፍን ትንሽ ሲቀረኝ። ላንግሊ ፓርክ አንድ መድኃኒት ቤት ካሸር ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምውል መቆሙን እንደ ስፖርት እቆጥረው ነበር። ሐኪሜ ግን አልቆጠረችልኝም። ስኳርሽ ድንበሩ ላይ ደርሷል፤ ወይ ትራመጃለሽ ወይ ኪኒን ትጀምሪያለሽ አለችኝ። ኪኒን ስሸጥ ውዬ ማታ ኪኒን መዋጥ አላማረኝምና መራመድ ጀመርኩ።

ከምኖርበት አፓርትመንት ጀርባ በወንዝ ዳር የሚያልፍ የእግር መንገድ አለ። ለዓመታት በመኪና ሳልፈው ኖሬ አንድ ቀን እንኳ ወርጄበት አላውቅም ነበር። ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት መውረድ ስጀምር፣ እውነቱን ልናገርና፣ ደስታው አሰከረኝ። በሕይወቴ ማንም ሳይልከኝ፣ ምንም ሳልሸከም፣ የትም ለመድረስ ሳልቸኩል የሄድኩት ያኔ ነው። እናት ስትልከኝ፣ ባል ሲልከኝ፣ ልጅ ሲልከኝ፣ አለቃ ሲልከኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህ ግን የራሴ ነበር። ከዚያ ራስ ሳይጠና ጉተና ሆነና ወደ ሶምሶማ ተሸጋገርኩ። የወንዙ ዳር ጭቃ ሲሆን ደግሞ ወደ ዋናው መንገድ ወጥቼ ሲሚንቶውን እቀጠቅጠው ጀመር።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ቀኝ ጉልበቴን አመመኝ። መጀመሪያ ደረጃ ስወርድ ብቻ ነበር፤ ከጉልበቴ ሎሚ ሥር ጠቅ የሚያደርግ ነገር። ቀጥሎ ከመኪና ስወርድ፣ ቀጥሎ ከአልጋ ስነሳ። ሲብስ ደግሞ ከሽንት ቤት ለመነሳት የመታጠቢያውን ጠርዝ መያዝ ጀመርኩ። ምክሩማ እንደ ጉድ ጎረፈ። የጉልበት ቅባት የምሸጥለት ሰው ሁሉ ለእኔ ሐኪም ሆነ። አንዷ ዝንጅብል ቀጥቅጠሽ እሰሪበት አለችኝ፤ ሌላው ብርድ ነው የገባብሽ፣ በሱፍ ጠቅልይው አለኝ። የሁሉም መጨረሻ ግን አንድ ነበር፤ "ሩጫውን ተዪው፣ በዚህ ዕድሜ ምን ያደርግልሻል?" ይቺ "በዚህ ዕድሜ" የምትባል ነገር ከጉልበቴ ይልቅ ታመኝ ነበር።

ከሁሉ የባሰችው ትልቋ እህቴ ናት። ከእኔ በመኪና ብዙም በማትርቀው አሌክሳንድሪያ ነው የምትኖረው፣ ከልጇ ጋር። እዚህ አገር ያመጣችኝ እሷ፣ ሥራ ያስያዘችኝ እሷ፣ መኪና መንዳት ያስተማረችኝ እሷ ናት። ዩ ስትሪት ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ሳለች በአንድ እጇ ትሪ በሌላው ጠርሙስ ይዛ ስትሽከረከር ያያት ሰው፣ ያቺ ሴት አንድ ቀን ትቀመጣለች ብሎ አይገምትም። ተቀመጠች። ጉልበቷን አመማትና "ልጠብቀው" አለች። መጀመሪያ ገበያ መሄድ ተወች፤ ቀጥሎ ለቅሶ ቤት መድረስ ተወች፤ ቀጥሎ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ማየት ጀመረች። አሁን መስኮቱ ሥር ካለው ሶፋ ላይ ሆና ቤተ ዘመዱን በስልክ ታስተዳድራለች። እንዴት ነሽ ሲሏት "ተመስገን፣ ከተቀመጥኩ አያመኝም" ትላለች። እውነቷን ነው፣ ከተቀመጠች አያማትም። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነበር። ጉልበቴ ጠቅ ባደረገኝ ቁጥር ዓይኔ ላይ የሚመጣው ያ ሶፋ ነው።

"ስሚ" ትለኛለች በስልክ፣ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ነው የተባለው። እየበረረ አልተባለም። መጨረሻ ላይ ሰርጀሪ ነው የሚሉሽ።"

"እንቁላሉም ቢሆን የሄደው ተነስቶ ነው" አልኳት፣ "ሶፋ ላይ ተጎልቶ አይደለም።"

ስልኩን ዘጋችብኝ። በማግስቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ደወለችና ወጌሻ እንዳገኘችልኝ ነገረችኝ። ሄድኩላት። ሰውዬው በቅቤ አሽቶ አሽቶ እንባዬን አወጣው፤ ሁለት ቀን ሻል አለኝና ሕመሙ ተመለሰ።

እንዲህ እያልኩ ዐቢይ ጾም ገባ። ሰው ተይ ባለኝ ቁጥር እልህ ይዞኝ ጭራሽ ጨመርኩ። ቁርስ የለ፣ ውኃ የለ፣ በባዶ ሆድ እያነከስኩ እሮጣለሁ። እግሬ ሲንቀጠቀጥ ጾሙ ነው እላለሁ፤ ጉልበቴ ሲያብጥ ብርዱ ነው እላለሁ።

የስቅለት ዕለትም ጠዋት ሮጬ ነው ቤተ ክርስቲያን የሄድኩት። ያን ቀን ሲሰገድ ይዋላል፤ ወርዶ ግንባር መሬት ማስነካት፣ ተነስቶ ደግሞ መውረድ። ለጥቂት ጊዜ ደህና ነበርኩ። ከዚያ አንዴ ወርጄ መነሳት አቃተኝ። በሁለት እጄ ምንጣፉን ይዤ ስታገል አጠገቤ የነበረች ወጣት ጎንበስ ብላ "ማዘር፣ ወንበር ላምጣልዎት?" አለችኝ። አንቱ ተባልኩ! ቀና ስል ከኋላ ግድግዳውን ይዘው የተደረደሩትን ወንበሮች አየሁ። አዛውንቶቹ መቋሚያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ክብራቸው ነው፣ ይገባቸዋል። አንድ ወንበር ግን ባዶ ነበር። እኔን የሚጠብቅ መሰለኝና ደሜ ፈላ። "አልፈልግም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኳት። እስከ ስንብቱ ሰገድኩ። ለጽድቅ ይሁን ለእልህ እሱ ያውቃል። የትንሣኤ ዕለት ጉልበቴ ድፎ ዳቦ አክሎ፣ ዶሮውን ተጋድሜ በላሁ።

ከበዓሉ በኋላ ሐኪሜ ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከችኝ። ሩጫ አቁሚ ካሉኝ ተነስቼ እወጣለሁ ብዬ ወስኜ ነው የገባሁት። ያየችኝ ባለሙያ ፈርጠም ያለች ፈረንጅ ናት፤ ብዙ አታወራም። ጉልበቴን ጫን ጫን አድርጋ አየች። በአንድ እግሬ አቆመችኝ። ከዚያ ከወንበር ላይ እጄን ሳልደገፍ ቀስ ብዬ እንድነሳ አዘዘችኝ። አልቻልኩም፤ ግማሽ ላይ ደርሼ ዘፍ አልኩ። ያን ሁሉ መንገድ የምሮጥ ሴት ከወንበር መነሳት አቃተኝ፤ አፈርኩ፣ ተናደድኩም።

"የደከመው ጭንሽና ዳሌሽ ነው" አለችኝ። "እነሱ ያልያዙትን ጉልበትሽ ብቻውን ይሸከማል።"

"ታዲያ ላቁም?"

"ማን አቁሚ አለሽ? አሁን ትንሽ ታሳርፊዋለሽ፣ ከዚያ እንደ አዲስ ትጀምሪያለሽ" ብላ ጎንበስ አለችና ጫማዬን አንስታ ገለበጠችው። ሶሉ በአንድ ወገን ተበልቶ አልቋል። በሁለት እጇ ስታጥፈው እንደ ካልሲ ተጣጠፈ። መቼ እንደገዛሁት ጠየቀችኝ።

"አልተቀደደም'ኮ" አልኳት።

እኛ ዘንድ ጫማ ዕድሜው የሚያልቀው ሲቀደድ ነው። እሷ ደግሞ የሩጫ ጫማ ላዩ ሳይቀደድ ውስጡ እንደሚሞት አስረዳችኝ። ሌላ የለሽም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አልጋዬ ሥር ያለው ሻንጣ ትዝ አለኝ።

ያን ሻንጣ እዚህ አገር የማያውቀው ሐበሻ የለም። አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ እስኪገኝ ድረስ አፉን ከፍቶ ይቀመጣል፤ በቅናሽ የተገኘ ሁሉ ይከተትበታል። ቫይታሚን፣ ሎሽን፣ የሕፃን ልብስ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጫማ። የእኔ ሻንጣ ውስጥ አንድ ምርጥ የሩጫ ጫማ ነበር፤ እህቴ የገዛችው፣ እኔ ጋ በአደራ የተቀመጠ፣ ውስጡ ካልሲ የተጠቀጠቀበት። አዲስ አበባ ላለችው ለወንድማችን ልጅ ነው። ልጅቷ አትሮጥም፤ ልትዘንጥበት ነው። ቁጥራችን አንድ ስለሆነ ሲገዛ የተለካው በእኔ እግር ነው። ለክቼው፣ ደስ ብሎኝ፣ አውልቄ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ክረምት ከበጋ በሞተ ጫማ ሲሚንቶ ስቀጠቅጥ ከረምኩ። ለራሴ አንድ መግዛት እንኳ ትዝ አላለኝም፤ ያለኝ አልተቀደደማ!

ያን ቀን ቤት ገብቼ ሻንጣውን ጎተትኩት። ካልሲዎቹን አወጣሁና ጫማውን አጠለቅኩት። አደራ ነው ብዬ አላመነታሁም። ለልጅቷ ሌላ እንደምገዛላት አውቃለሁ። ለእኔ ጉልበት ግን ሌላ የሚገዛልኝ አልነበረም።

የሚቀጥሉትን ወራት እንደ ተማሪ ታዘዝኩ። ከወንበር መነሳት፣ መቀመጥ፣ መነሳት። መድኃኒት ቤት ሰልፍ ሲጠፋ ከሒሳብ መቀበያው ጀርባ በአንድ እግሬ እቆማለሁ፤ ደንበኛ አይቶኝ ሲስቅ አብሬው እስቃለሁ። እብጠቱ ሲጎድል መራመድ፣ ቀጥሎ ትንሽ ሶምሶማ፣ እሱም ሲሚንቶው ላይ ሳይሆን በአፈሩ። ሕመሙ ጠፋልኝ አልልም። ዛሬም ዝናብ ሊመጣ ሲል ያማል፣ ደረጃ ላይ ያማል። ግን እኔን ማዘዙን ተወ፤ እኔ ነኝ የማዘው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እህቴን ልጠይቅ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። እንደ ደንቡ ጫማዬን በሩ ሥር አውልቄ ገባሁ። ሶፋዋ ላይ ሆና በሩን በደንብ ታያለች። ስማኝ ሳትጨርስ ዓይኗ እዚያ ላይ ተተከለ።

"ያ ጫማ የማን ነው?"

"የእኔ።"

"የልጅቷ አይደለም እንዴ? እኔ የገዛሁላት?"

"ነበረ። ለእሷ ሌላ ገዝቼ ልኬላታለሁ።"

"አደራ በላ ሆንሽልኝ በይ! በዚህ ዕድሜ ለሩጫ ብለሽ የወንድምሽን ልጅ ገንዘብ! ያቺ ልጅ ምን ትለናለች? ወንድምሽ ምን ይላል?"

ደግሞ በዚህ ዕድሜ። ያን ሁሉ ጊዜ የዋጥኩት ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። "አዎ፣ በላሁት!" አልኳት። "ደግ አደረግኩ! ዕድሜ ልካችንን ለሰው እግር ስንገዛ ኖርን። አገር ቤት አንቺ ያላጫማሽው ዘመድ አለ? እስቲ የራስሽ የውጭ ጫማ የት አለ? አሳዪኝ!"

ወደ በሩ አየች። እኔም አየሁ። የልጇ ስኒከሮችና ሸበጥ አሉ። የእሷ የሚባል አንድም ጫማ አልነበረም። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት።

"ለእኔ ጫማ ምን ያደርግልኛል?" አለች ቀስ ብላ። "የት እሄዳለሁ?"

ብትሰድበኝ በተሻለኝ ነበር። ያቺ ትሪ ይዛ የምትሽከረከር ሴት፣ ለእኔ አገር ያሳየች ሴት፣ የት እሄዳለሁ አለችኝ። እንባዬ መጣ። እንዳታየኝ ብዬ "ትንሽ ተራምጄ እመለሳለሁ" አልኩና በሩ ሥር ቁጭ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ።

ከኋላዬ ሶፋው ሲጢጥ አለ። ዞር ስል ቆማለች። የሶፋውን ክንድ፣ ቀጥሎ ግድግዳውን፣ ቀጥሎ የበሩን እጀታ እየያዘች መጣችና የልጇን ሸበጥ ተጫማች። የደጃፉን ደረጃ በጎኗ ዞራ ወረደች፤ ፊቷ ተኮማተረ። ክንዷን ልይዝ እጄን ስዘረጋ በጥፊ መታችው።

ሸበጡ እየተጎተተ፣ እሷም ቁና ቁና እየተነፈሰች እስከ ጎረቤቷ አጥር ደረስን። እዚያ አጥሩን ይዛ ቆመች። ግንባሯ በላብ ተነክሯል፣ እግሯ ይንቀጠቀጣል። ፈራሁ። ብትወድቅስ? በዚህ ዕድሜ ብትሰበርስ? "በቃሽ፣ ነይ ተመለሺና ተቀመጪ" ልላት አፌን ስከፍት ከአጥሩ ላይ እጇን አነሳች።

"ዝም በይ!" አለችኝ። "እምቢ ማለት ያንቺ ብቻ ነው እንዴ?"

ቀጥላ ሄደች።